የዘገየ ሁሉ የተረሳ አይደለም

የፕሮግራም ቁጥሩ አሮጌ የሆነ ሁሉ የተረሳ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትን ዴቢያን ሊኑክስን እንመልከት።

አዲስ ፕሮግራም በመጀመሪያ «አንስቴብል»፣ ማለት ገና ያልረጋው ክፍል ይገባል። እንደ አጣዳፊነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ያህል ቆይቶ አዲስ ከባድ ጉድለት ካልተገኘበት ወደ «ቴስቲንግ»፣ ወደ መፈተኛው ይዛወራል። በሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜም ተጣርቶ «ስቴብል» የተባለው የረጋ እትም ይወጣል። ከወጣ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ብቻ በአሮጌው ላይ ይደፈናል እንጂ ፕሮግራሙ በአዲስ አይተካም። ቁጥሩ የማይለወጠው ስለዚህ ነው። ጥገናውም ለአንድ እትም 5 ዓመት ያህል ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በኤክስ ዚ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተሸሸገ የጓሮ በር ተገኘ። አንስቴብልና ቴስቲንግ ገብቶ ነበር፤ ስቴብል ግን አልደረሰም። ያገኘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት መረመረ።

እንግዲህ ቀን መቁጠር ጊዜ ይሰጣል እንጂ ዓይን አይሆንም። ዓይን መሆን የተጠቃሚው ፋንታ ነው።