ባለዕዳዋ አንድ፣ ሒሳቡ ሁለት

እንበልና አንድ የቆርቆሮ አከፋፋይ ለቋሚ ደንበኞቹ እስከ 200,000 ብር ድረስ በዱቤ ይሰጣል። ሽያጩ የሚመዘገበው በኮምፒዩተር ነው። ከደንበኞቹ አንዷ ወ/ሮ ፀሐይ ናቸው። ጸሐፊዋ ስማቸውን «ፀሐይ» ብላ መዝግባ የ150,000 ብር ዕቃ ታስወጣላቸዋለች። በሳምንቱ እሷን የተካው ልጅ ደግሞ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ያጣቸዋል፤ አዲስ ደንበኛ መስለውት የ120,000 ብር ይጨምራል። ዕዳው 270,000 ብር ደርሷል። ማሽኑ ግን ትንፍሽ አይልም። በእሱ ዘንድ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ከጣሪያው በታች።

ምክንያቱ ኮምፒዩተር ፊደልን በድምፁ ሳይሆን በቁጥሩ የሚያውቅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት ለያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጥቷል። «ሀ» 4608 ነው፣ «ሁ» 4609፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለአንድ የፊደል ቤት 8 ክፍል ስለተያዘ «ለ» የሚጀምረው ከ4616 ነው። «ሐ» ግን 4624፣ «ኀ» ደግሞ 4736 ናቸው። በአማርኛ ስንናገር አንድ የሆኑት ሦስቱ «ሀ»ዎች በማሽኑ ውስጥ ጎረቤት እንኳ አይደሉም። «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ነው። ራብዖቹ «ሃ»፣ «ሓ» እና «ኃ» ሲጨመሩ «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻውን በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ገብረ መድኅንና ወልደ ማርያም ተለያይተው ወይስ ተጋጥመው ይጻፉ የሚለው ክርክር ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል።

ዩኒኮድ ግን ሊወቀስ አይገባም። ከእሱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በየራሳቸው ቁጥር ስለሚሠሩ በአንዱ የተጻፈ ውል በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች ያስታውሱታል። ያ ችግር ተቃልሏል። የሆሄ አጠቃቀማችንን ማስማማት ግን የእሱ ሥራ አልነበረም።

የቁጥሩ ነገር በሌላም በኩል ኪስ ይነካል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚላክ አጭር የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አማርኛ የሚላክበት አሠራር ለአንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረዘም ሲል መልእክቱ ባለ 67 ፊደል ቁራጭ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ 160 ፊደል የሆነ የአማርኛ ማስታወቂያ 3 መልእክት ነው። ለ10,000 ደንበኛ ሲበተን 30,000 ይሆናል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ «ዋጋ» ለማለት ለእኛ 2 ፊደል ሲበቃን በላቲን 4 ያስፈልጋል፤ ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም። ቢሆንም ማስታወቂያው ከመላኩ በፊት ቢቆጠር ይበጃል።

ወደ ዱቤው መዝገብ እንመለስና፣ መላው አስቸጋሪ አይደለም። ስሙ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው ይቀመጣል፤ እሱን «ማስተካከል» በውልና በክስ ጊዜ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፕሮግራሙ ግን ከጀርባ ሁሉንም «ሀ» ወደ አንድ፣ ሁሉንም «ጸ» ወደ አንድ የሚመልስ የመፈለጊያ ቅጂ እንዲይዝ ይደረጋል። ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። ነጋዴ ለሆነ ደንበኛ ደግሞ ከስሙ ይልቅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን የመዝገብ መክፈቻ ማድረግ የበለጠ ያስተማምናል።

አዲስ የሒሳብ ፕሮግራም የሚገዛ ሰው እዚያው ሻጩ ፊት ሊሞክረው ይችላል። «ዓለም» ብሎ አንድ ደንበኛ ይመዝግብ፤ ከዚያ «አለም»፣ «ኣለም» እና «ዐለም» እያለ ይፈልግ። ሦስቱም ያንኑ ሰው ካላመጡ ቀሪውን ክፍያ ያዝ አድርጎ ማቆየት ነው።