ፍሪጁ በረዶ መሥራት ሲያቆም፦ ጠጋኝ ከመጥራትዎ በፊት



በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖረው ወገናችን ድግስ ሲደግስ፣ ክርስትና ሲያነሳ ወይም ለቅሶ ሲቀመጥ ከነዳጅ ማደያ በከረጢት የሚገዛው በረዶ ጥቂት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ታዲያ እቤቱ ያለው ፍሪጅ ራሱ በረዶ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተተወ ወራት አልፎታል። ሌላው ደግሞ በቀጥታ ጠጋኝ ይጠራል። ጠጋኙም መጥቶ አንዲት የሽቦ ክንድ ወደ ታች ዝቅ ያደርግና የመምጫውን ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ ገንዘብ ከኪስዎ እንዳይወጣ ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለን፤ በዴንቨር አሮጌ ቤቶች ውስጥ ልጆች ይዘው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስብ ጉዳይ ስላለ ዝቅ ብለን እንመጣበታለን።

በመጀመሪያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ሳጥን ከቤቱ ቧንቧ በቀጭን መስመር ውሃ ይቀበላል። ውሃው ረግቶ የቅርጹ ቅዝቃዜ ወደ 15 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ሲወርድ (እንደ ፍሪጁ ዓይነት ጥቂት ይለያያል) ሞተሩ ይነሳል፤ ትንሽ ማሞቂያ በረዶውን ከቅርጹ ያላቅቀዋል፤ ጣት የመሰሉ መጥረጊያዎች ወደ ማጠራቀሚያው ይገፉታል። ከዚያም ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ቫልቭ ለጥቂት ሰከንዶች ተከፍቶ አዲስ ውሃ ይሞላል። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ቅዝቃዜውን ነው። ፍሪዘሩ በደንብ ካልቀዘቀዘ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አስቀድመው ክንዷን ይመልከቱ። ወደ ላይ ከተነሳች መሣሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። የታሰረ ሥጋ ወይም የእንጀራ ላስቲክ ገፍቶ ያነሳታል፤ አንዳንዴም ያጋደለች አንዲት የበረዶ እንክብል ትይዛታለች። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች በክንዷ ፋንታ ቁልፍ አለ፤ ልጆች ሲጫወቱ ያጠፉታል።

ቀጥሎ ቅዝቃዜው ነው፤ እኛ እንደምናየው በሐበሻ ቤት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ፍሪዘራችንን እናውቀዋለን። ከላይ የተቆለለ እንጀራ፣ ከመሐል የተነጠረ ቅቤ፣ ከታች የዓመት በርበሬ፣ በጎን ለዶሮ ወጥ የተቁላላ ሽንኩርት። በዚያ ላይ ለፋሲካ ወይም ለመስቀል በሬ ተገዝቶ ቅርጫ ሲገባ፣ ያልቀዘቀዘ ሥጋ በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ይዘጋል። የፍሪዘሩ ሙቀት ወደ 20ዎቹ ይወጣል፤ በረዶ መሥሪያው ሥራውን ያቆማል፤ ባለቤቱም «ሥጋው ሲገባ ተሰበረ» ይላል። አልተሰበረም። ከጀርባው ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ነጻ አድርገው፣ ሥጋውን በትንንሹ አከፋፍለው ያስገቡና አንድ ሁለት ቀን ይታገሱት። ርካሽ የፍሪዘር ቴርሞሜትር ገዝተው በታሰሩት ዕቃዎች መካከል አሳድረው ያንብቡት፤ ትክክለኛው 0 ዲግሪ ፋራናይት ነው። ከሥር ወይም ከጀርባ ያለው ኮይል በአቧራ ከተሸፈነም ፍሪጁ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል፣ ከሶኬት ነቅለው በብሩሽ ይጥረጉት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀዘቀዘ፣ ወይም የፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ በወፍራም አመዳይ ከተሸፈነ፣ ችግሩ የፍሪጁ ራሱ ነውና ያን ጊዜ ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ሁለተኛ ፍሪጅ ያስቀመጡ ወገኖችም አሉ። ክረምት ላይ በረዶ መሥራት ያቆመባቸው እንደሆነ ምክንያቱ ለሰሚው ግራ ነው፤ ብርዱ ነው። በብዙ ፍሪጆች ሞተሩን የሚያዘው ሙቀት መለኪያ ያለው ከፍሪዘሩ ሳይሆን ከታችኛው ወይም ከጎኑ ክፍል ነው። ጋራዡ ሲቀዘቅዝ ያ ክፍል ያለ ሞተር ቀዝቅዞ ስለሚቆይ ሞተሩ አይነሳም፤ ፍሪዘሩም ይሞቃል። ብዙ ፋብሪካዎች አካባቢው ከ55 ወይም ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች እንዳይሆን የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። በተጨማሪም በጋራዡ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን የውሃ መስመር ቀዝቅዞ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ለክረምቱ ውሃውን ዘግቶ መስመሩን ማንጠፍጠፍ ይሻላል።

ቅዝቃዜው ደህና ሆኖ ቅርጹ ባዶ ከሆነ፣ ወይም በረዶው እየሳሳና እያነሰ ከመጣ፣ የጎደለው ውሃ ነው። ፊልተሩን ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ በየ6 ወሩ መቀየር ያለበት ሲሆን፣ ሦስት ዓመት የተቀመጠበትን ቤት እናውቃለን። ከዚያ ከፍሪጁ ጀርባ እስከ መክፈቻው ድረስ ያለውን መስመር ይከተሉ፤ ፍሪጁ ወደ ግድግዳ ሲገፋ የታጠፈ እንደሆነ ውሃ አያሳልፍም። በአሮጌ ቤቶች ቧንቧውን በመርፌ ወግቶ የሚያያዝ ትንሽ መክፈቻ ያጋጥማል፤ ቶሎ ይደፈናል፣ ያንጠባጥባልም፤ በደህና መክፈቻ ማስቀየሩ ያዋጣል። ቫልቭ በአግባቡ ለመክፈትና ለመዝጋት ቢያንስ 20 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ግፊት ይፈልጋል። ግፊቱ ሲያንስ በደንብ ስለማይዘጋ ውሃው እየተንጠባጠበ መሙያ ቱቦው ውስጥ ይረጋና ይዘጋዋል። ቱቦው በበረዶ ከተዘጋ ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ውሃውን ይዝጉ፣ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ያሟሙት። ቢላዋ አይጠቀሙ። ሶኬቱ ሳይነቀል ጣትዎን ወደ መሣሪያው አያስገቡ፤ መጥረጊያው ሳይታሰብ ይዞራል፣ ማሞቂያውም ያቃጥላል።

ውሃውም ቅዝቃዜውም ኖሮ ካልሠራ መሣሪያው ሞቷል። በብዙ ፍሪጆች ሙሉው ሳጥን በጥቂት ብሎኖችና በአንድ መሰኪያ የተያያዘ ስለሆነ እንዳለ ይቀየራል። ከፍሪጁ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ሳይዙ ዕቃ አይግዙ።

አሁን ወዳልነው ጉዳይ እንምጣ። በረዶው ሲመለስ የየትኛው ውሃ በረዶ ነው?

በዴንቨር ከተማ፣ በተለይ ከ1951 በፊት በተሠሩ ቤቶች፣ ከመንገዱ ዋና ቧንቧ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ከእርሳስ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እርሳስ ስንል ሌድ የሚባለውን ብረት ነው። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው፤ እርሳሱ የሚገባው በዚህ መስመርና በቤቱ የቧንቧ ዕቃዎች ሲያልፍ ነው። የዴንቨር የውሃ ድርጅት እነዚህን መስመሮች ባለቤቱን በቀጥታ ሳያስከፍል የመቀየሩን ሥራ በ2020 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሯል፤ በዝርዝሩ ላሉ ቤቶችም ማጣሪያ ያለው ማሰሮ በነጻ ይልካል። በማሰሮው መጠቀም የሚገባው መስመሩ ከተቀየረ በኋላም እስከ 6 ወር ድረስ ነው።

ችግሩ እኛ «ውሃ ከፈላ ጤና ነው» ብለን ያደግን መሆናችን ነው። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው እርሳስ እንዲያውም ይከማቻል። ማቀዝቀዝም አያወጣውም። ስለዚህ ማሰሮው ለመጠጥ ብቻ ሆኖ ለጀበናው፣ ለሾርባው፣ ለሕፃኑ ወተትና ለበረዶው ግን የቧንቧ ውሃ የምንወስድ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው የሠራነው። ከሁሉ የሚጎዱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው፤ ጉዳቱም ወዲያው በዓይን የሚታይ ሕመም አይደለም፣ የልጁን አእምሮ ነው የሚነካው።

«ፍሪጁ ፊልተር አለው» ብለው አይዘናጉ። በወረቀቱ ላይ ኤን ኤስ ኤፍ 53 የሚል ቁጥርና እርሳስን እንደሚቀንስ በግልጽ የሚናገር ቃል መኖሩን ያረጋግጡ። ኤን ኤስ ኤፍ 42 ብቻ ከሆነ የሚመለከተው ጣዕምንና ክሎሪንን ነው። ይህን የማያሟላ ፊልተር ከሆነ ክንዷን ወደ ላይ አንስተው፣ መስመርዎ እስኪቀየር ድረስ በማሰሮው ውሃ በፕላስቲክ ቅርጽ በረዶ መሥራት ነው። አውሮራ የራሱ የውሃ መሥሪያ ቤት ስላለው በዴንቨሩ ሥራ ውስጥ አይገባም። ይሁንና በፌዴራሉ ደንብ መሠረት የውሃ ድርጅቶች ሁሉ እስከ ኦክቶበር 16 ቀን 2024 ድረስ የመስመሮቻቸውን ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ተደርጓል። ስለዚህ በምሥራቅ ኮልፋክስ ዙሪያ ባለው አሮጌው የአውሮራ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች አድራሻቸውን ሰጥተው የመስመራቸውን ዓይነት መጠየቅ ይችላሉ።

ተከራዮችን በሚመለከት፣ ብዙ ሰው «ካስቸገርኩ ያስወጡኛል» እያለ ከአከራዩ ፍሪጅ ጋር ሲታገል ይኖራል። የኮሎራዶ ሕግ በ2019 ሲሻሻል አከራዩ የሚያቀርባቸው የቤት ዕቃዎች በደህና እንዲሠሩ የመጠበቅ ግዴታ ገብቶበታል፤ በ2024ም ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። እውነቱን ለመናገር የበረዶ መሥሪያው ብቻ መቆሙ ትልቅ ክርክር አያነሳም። ፍሪዘሩ ሞቆ ምግብ ከተበላሸ ግን ሌላ ነው። በስልክ ወይም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ኢሜይልም ይሆናል፤ ቅጂውን ያስቀሩ። አቤት በማለትዎ አከራዩ ሊበቀልዎ ሕጉ አይፈቅድለትም።

መሣሪያው ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አንድ ቀን ሙሉ የሚሠራውን በረዶ ይድፉት። አዲስ ፊልተር ካስገቡም መጀመሪያ ጥቂት ጋሎን ውሃ አስወርደው ያፍስሱ።