ሰርዶ፦ ለገበሬው ጠላት፣ ለግቢያችን ሳር

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ የአንድ ግቢ ሳር በምን እንደተበላሸ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ከተላጠ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ተተክሎበት ነበር። ከበሩ እስከ ቤቱ ቀጭን መስመር ከሆነ የእግር መንገድ ነው። ጥግ ላይ ክብ ሆኖ ከነጣ ደግሞ በግ ታስሮበት ከርሟል፣ አለዚያም የልብስ እጣቢ ይደፋበታል።

አሁን አሁን መፍትሔው አንድ ብቻ እየሆነ ነው፦ «ሲሚንቶ አልብሰን እንገላገል!» ወጪው ይቅርና፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበውን የጎጃም ዝናብ ማን ይጠጣው? አፈር ያልመጠጠው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት አጥር ይገፋል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ወጪ ረጅም ስም ነበረው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ጠብ ነው የሚባለው።

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ሳሩ በእርግጥ መሞቱን እዩ። የግቢያችን ሳር አብዛኛውን ጊዜ ሰርዶ ነው። ሰርዶ በየካቲትና በመጋቢት ደርቆ ቡናማ ይሆናል እንጂ በቀላሉ አይሞትም፤ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ አለው። ትንሽ ቆፍራችሁ ነጭና ጠንካራ ግንድ ካገኛችሁ፣ የሚፈልገው እረፍት ብቻ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከከብት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ የሚያገግመውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ሳሩ ታጭዶ ለከብቱ ይሄዳል እንጂ ከብቱ ወደ ሳሩ አይሄድም። ግቢ ውስጥ ይህን ሥራ አንድ ገመድና አራት ችካል ይሠሩታል። አስቸጋሪው ልጆቹን ማሳመን ነው።

ሥሩም ከሞተ ችግሩ ብዙ ጊዜ የአፈሩ መጠቅጠቅ ነው። ቀይ አፈራችን በእግር ከተረገጠና ፀሐይ ከመታው ሸክላ ይሆናል። አፈራችን አሲዳማ ነው እየተባለ ስለ ኖራ ብዙ ይወራል፤ እውነት ነው፣ ለስንዴና ለገብስ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሰርዶ ግን አሲድን ከብዙ ሰብል በተሻለ ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ኖራ ላይ ከማፍሰስ ጉልበታችሁን ዶማ ላይ አውሉት። ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፣ የበሰበሰ ፍግ ደባልቁ። ትኩስ ፍግ አይሆንም፣ ያቃጥላል። ከማሳ የተረፈች ዩሪያ መበተንም እንዲሁ፤ ከበዛች ሳሩን ትለበልባለች፣ እየቆየች አሲዱን ታብሳለች። የሲሚንቶ ፍርስራሽ ካለ በአካፋ ዛቁት።

ዘሩ ደግሞ በነፃ ነው። ገበሬው ደጋግሞ አርሶ፣ ነቅሎና ለቅሞ ማሳው ዳር የሚከምረው አረም ሰርዶ ነው። እሱ የሚረግመውን እኛ ለምነን እንወስዳለን፤ ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት እንዲህ ያለ ግብይት ብዙ አይገኝም። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ እየለያችሁ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት፣ ጫፉ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅበሩትና በእግር ጠቅ አድርጉት። ጊዜው ሐምሌ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይከዳዋል። ለጎመን መደብ ቅርብ ከሆነ ግን መሃሉን በድንጋይ ከልሉ፤ ሰርዶ ወሰን አያውቅም።

ማንጎ ወይም አቮካዶ ጥላ ሥር አትድከሙ፣ ሰርዶ ፀሐይ ካላገኘ አይሆንለትም። እዚያ ቡና ትከሉ ወይም አግዳሚ አኑሩ።

የመጀመሪያውን አጨዳ ሳሩ መሬቱን እስኪሸፍን አትቸኩሉበት። ስታጭዱም ማጭዱን ከፍ አድርጉት፤ እስከ ሥሩ የተላጨ ሳር በመጀመሪያው ደረቅ ወር ይነጣል። ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘውን እንኳ ከገበያ ግዙት።