ማን ወደ ማን ሄደ? ገጠርና ከተማ በአጭር ልብ ወለዳችን

ባለፈው ሴሚስተር በድርሰት አጻጻፍ ትምህርታችን አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። «የገጠርን ባህላዊ ኑሮና የከተማን ዘመናዊ ኑሮ የሚያነጻጽር አጭር ልብ ወለድ ጻፉ፤ ከአምስት ገጽ አይብለጥ» የሚል። እኔም አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ልጁ ከገጠር ይመጣል፣ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፣ ሻንጣውን ይሰረቃል፣ ያመናት ሴት ትከዳዋለች፣ መጨረሻ ላይ የእናቱን ጎጆ ጭስ እያስታወሰ ያለቅሳል። አለቀ። ደስ እያለኝ ነበር ያስረከብኩት።

ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፈዋል፤ «ገጠሩን የት አየሽው?»

እውነቱን ለመናገር የትም አላየሁትም። ተወልጄ ያደግሁት ገርጂ ነው። በኋላ ጓደኞቼን ስጠይቅ ደግሞ ብዙዎቹ ያው ልጅ፣ ያው አውቶቡስ ተራ፣ ያው ሌባ ነው የጻፉት። ታዲያ ሳንነጋገር ሁላችንም አንድ ታሪክ የጻፍነው ከየት አምጥተን ነው? ውድ አንባብያን፣ ይህች ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገች ሙከራ ናት።

ታሪኩ ከየት መጣ?

ገጠርንና ከተማን ማነጻጸር የቆየ ነገር ነው። ከግሪካዊው ተረተኛ ከኤዞፕ ስም ጋር የሚያያዘውን የከተማ አይጥና የገጠር አይጥ ተረት ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የገጠሩ አይጥ ከተማ ሄዶ የተትረፈረፈውን ማዕድ ያያል። ጥቂት ቆይቶ ግን ነፍሱን ለማዳን መሮጥ ይመጣል። በመጨረሻም «የኔ ደረቅ እህል በሰላም ይሻለኛል» ብሎ ወደ ቀዬው ይመለሳል። እኛ የጻፍነው ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእኛ አይጥ መመለሻ ማጣቱ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። «ልብ ወለድ» የሚለውን ስያሜ ያገኘነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ከተሰኘው መጽሐፍ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1925 ዓ.ም.፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»ን አወጡ። እዚያ ውስጥ ያለው ወጣት አወቀ ከተጉለት ተነሥቶ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ይማራል። ሲመለስ ግን ተዝካርንና ሠርግን በመሳሰሉ ልማዶች ላይ ከዘመዶቹ ጋር መስማማት ያቅተዋል። ልብ በሉ፣ ግጭቱ ያለው መንገዱ ላይ ወይም ፓሪስ ላይ ሳይሆን እቤት ሲገባ ነው።

ከዚያም ታደሰ ሊበን መጣ። «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) እና «ሌላው መንገድ» (1952 ዓ.ም.) የተባሉት የአጭር ልብ ወለድ መድበሎቹ በብዙ አጥኚዎች ዘንድ ለዘመናዊው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ተደርገው ይቆጠራሉ። በረጅሙም በኩል የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) የተማረውን ወጣት ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ወስዶ ከባላገሩና ከባላባቱ ጋር ያነጋግረዋል፤ ያከራክረዋልም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ እነዚህን ስናይ ሁለት ዓይነት ገጸ ባሕርይ ተለይቶ ይወጣል። አንዱ የሄደው ነው፤ ከገጠር ወደ ከተማ። ሌላው የተመለሰው ወይም የመጣው ነው፤ ተምሮ ወደ ገጠር። በሁለቱም የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው። ገጠርም ከተማም በየቦታቸው ተቀምጠው ይጠብቁታል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በአምስት ገጽ ሁለት ኑሮ እንዴት ይገባል?

ረጅም ልብ ወለድ ጊዜ አለው። አንድን ሰው ከልጅነት እስከ እርጅና ሊከተለው ይችላል። አጭር ልብ ወለድ ግን አንድ አጋጣሚ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጸሐፊው «ገጠር እንዲህ ነው፣ ከተማ ግን እንዲያ ነው» እያለ የሚዘረዝርበት ቦታ የለውም። ያለው አማራጭ ሁለቱን ኑሮዎች አንድ ትንሽ ነገር ላይ ማገናኘት ነው። ሳነብ ደጋግመው ያገኘኋቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሰዓት ነው። የገጠር ሰው «ከብት ሲገባ እንገናኝ» ይላል። የከተማ ሰው «አሥራ አንድ ተኩል ላይ» ይላል። ሁለቱ ቢቀጣጠሩ አንዱ መጠበቁ አይቀርም። ያ ጥበቃ ብቻውን አንድ አጭር ልብ ወለድ ይወጣዋል።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። አንዱ ጋ ሰው የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው፤ ሌላው ጋ «ብሎክ ስንት ነህ?» ተብሎ። የአባቱን ስም ብቻ ይዞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዘመድ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛው በር ነው። «ቤቶች!» ብሎ ዘው የሚባልበት ቤት አለ፤ በጥበቃ ተጠይቆ፣ መታወቂያ አስይዞ የሚገባበትም አለ።

ይህንን ጥበብ በደንብ ካሳዩት ጸሐፊዎች አንዱ ሩሲያዊው ቼኾቭ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ አጭር ልብ ወለድ ልጁ የሞተበት ባለጋሪ በረዶ በሚጥልበት የፒተርስቡርግ ሌሊት ሐዘኑን የሚነግረው ሰው ያጣል። የሚሳፈሩት ሁሉ ይቸኩላሉ። በመጨረሻ የሚያዋየው ፈረሱን ነው። ከእርሻ ተነቅሎ ወደ መብራትና ወደ ጩኸት የተጣለ ፍጡር ምን ሊያስብ እንደሚችል ቼኾቭ አስቀድሞ የሚጠይቀውም ስለዚሁ ፈረስ ነው። የገጠርና የከተማን ልዩነት በዝርዝር አላወራም፤ ሰውየውንና ፈረሱን አንድ ላይ አቆማቸው፣ በቃ።

ሁለቱ ወጥመዶች

የኔ ድርሰት የወደቀበት ወጥመድ «ገጠር ንጹህ፣ ከተማ እርኩስ» የሚለው ነው። ተቃራኒውም አለ፤ «ገጠር ኋላ ቀር፣ ከተማ ብርሃን» የሚለው። ሁለቱም ለጸሐፊው ይቀሉታል፤ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ገጠር ውስጥ የድንበር ጠብ አለ፣ ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅ አለች፣ በውሃ ቀጂነት ወገቧ የጎበጠ እናት አለች። ከተማ ውስጥም ሰው ለሰው ይደርሳል። እድርን ውሰዱ። «ባህላዊ» ስለምንለው የገጠር ይመስለናል እንጂ ብዙ አጥኚዎች መስፋፋቱን የሚያያይዙት ከከተማ ሕይወት ጋር ነው። ከየአገሩ የተሰባሰበ፣ ዘመድ በአጠገቡ የሌለው የከተማ ሰው ነው ለቀብሩ እንኳ ጎረቤቱን ማደራጀት ያስፈለገው። ስለዚህ ባህላዊና ዘመናዊ የሚባሉት ነገሮች ሁልጊዜ በገጠርና በከተማ መስመር አይከፈሉም።

ከተማው ሲመጣ

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ ልመለስ። በሁሉም ታሪክ የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው ብያለሁ። እኛ በምንኖርበት በምሥራቅ አዲስ አበባ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦሌ እርሻና ግጦሽ ነበር። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወርም ስፍራው የከተማ ዳር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ቀጥሎ ወደ ሰሚት፣ ወደ ቡልቡላ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ዘለቀ። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች መመላለስ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆነ። ማንም አውቶቡስ ተራ አልወረደም። ከተማው ነው ተነሥቶ የሄደው።

ይህን ያስተዋልኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ቤተሰቤ ዕጣ ደርሶት ከገርጂ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገብተናል። የግቢያችን ዘበኛ ዕድሜያቸው ስልሳን የዘለለ አባት ናቸው። መምህሬ ያ ቀይ ጥያቄ ከጻፉልኝ በኋላ፣ ገጠር የሚያውቅ ሰው ፍለጋ አንድ ማታ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«እዚሁ» አሉኝ።

«አይ፣ የትውልድ አገርዎን ማለቴ ነው።»

«እዚሁ ነው እኮ የምልሽ፣ ልጄ።» በዱላቸው የመኪና ማቆሚያውን አመለከቱኝ። «ያቺ ነጭ መኪና የቆመችበት አውድማችን ነበር።»

እኔ ለሦስት ዓመት በዚያ አውድማ ላይ ተመላልሻለሁ። ገጠሩን የት አየሽው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመስኮቴ ሥር ነበር ማለት ነው።

እሳቸው አንድ እርምጃ አልተሰደዱም፤ ግን አገራቸው ላይ እንግዳ ሆነዋል። ቤታቸው በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ። በዚህ ላይ ደግሞ የሚያለቅሱ ሰው አይደሉም። ድሮ ይሻላል ወይስ አሁን ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ውሃ በቧንቧ መምጣቱን፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ቅርብ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ድሮ ጎረቤቴን በስሙ ነበር የማውቀው፤ አሁን እናንተን የማውቃችሁ በመኪና ታርጋ ነው» አሉ። እኛ መኪና እንኳ የለንም። እንዴት እንደሚያውቁን አልጠየቅኋቸውም።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል ብዬ ትንሽ አገላበጥኩ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር የመፈናቀያ ካሳው ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘው ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲሰላ ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። ከአሥር አሥራ አምስት ይሻላል። ነገር ግን አዋጅ ሊያሰላ የሚችለው ምርቱን ነው። አውድማው ላይ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማታ ማታ ልጆች ጭዱ ላይ እንዴት እንደሚንከባለሉ በአሥርም በአሥራ አምስትም አይባዛም። ያንን መቁጠር የልብ ወለድ ሥራ ነው።

ይህን የሚነካ አጭር ልብ ወለድ የለም ማለቴ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት ያሸነፈችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ ናት። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ታሪክ ቤታቸው የመፍረስ አደጋ የተጋረጠበትን ጌቱ የተባለ ወጣት ጎዳና ጠራጊ ይዞ ወደ ሸራተን ሆቴል የስንብት ግብዣ ይወስደናል። እዚያ ሁለቱን ኑሮዎች የሚለያቸው የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ሳይሆን አንድ የሆቴል በር ነው። ከላይ ያልኩትን የበሩን ነገር ታስታውሳላችሁ አይደል?

እንዴት እንጻፈው?

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ገጠርንና ከተማን ለማነጻጸር ስንነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» መሆን የለበትም። «ማን ወደ ማን ሄደ?» ብለን እንጀምር። ሰው ወደ ከተማ ከሄደ ታሪኩ የመናፈቅ ታሪክ ነው፤ የሚናፈቀው ቀዬ ግን ቢያንስ በቦታው አለ። ከተማው ወደ ሰው ከሄደ የሚናፈቀው ከእግር ሥር ነው ያለው፤ አስፋልት ተነጥፎበታል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሐዘን ስላልሆኑ አንድ ዓይነት ታሪክም አይወጣቸውም። ደግሞ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ነንና ከመጻፋችን በፊት መጠየቅ አለብን። ልብ ወለድ ነው ብለን ከጭንቅላታችን ብቻ የምንጎትተው ገጠር ከሌላ ሰው ድርሰት የተዋስነው ገጠር ነው።

እኔ ድርሰቴን እንደገና ጻፍኩት። አንድ ዘበኛ በሌሊት መኪኖቹን እየዞረ ሲቆጥር፣ ሳያስበው የአውድማውን ዙሪያ እንደሚዞር የሚናገር ነው። ለመምህሬ ከመስጠቴ በፊት ለአባባ አነበብኩላቸው። በጸጥታ ሰሙኝና ሁለተኛው ገጽ ላይ አስቆሙኝ።

«ጤፍ በመስከረም ማን ወቃ?»

«ምነው?»

«መስከረም ላይ ገና አረንጓዴ ነው። የሚታጨደው ከኅዳር ወዲያ ነው፣ ከዚያ ነው ውቂያው። ይኼን ያነበበ ገበሬ ይስቅብሻል።»

እዚያው በእስክሪብቶ ሰረዝኩና «ታኅሣሥ» ብዬ ጻፍኩ። ልነሣ ስል ደግሞ ጠሩኝ።

«ስሜን ግን አትጻፊው።»

«ለምን አባባ?»

«ሥራ ላይ ነኛ» አሉኝ።

ስለዚህ ስማቸውንም ሰፈራችንንም አልጻፍኩም። የሌሎቻችሁም ዘበኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ እንጀራ ሻጭ ለምን እዚህ እንዳለ ጠይቃችሁ የጻፋችሁትን በሚቀጥለው እትም ለማንበብ ያብቃን። በቸር ይግጠመን።