የጀልባዋ ቀለም ለጌጥ መስሎኝ ነበር

ልጄ ከኒሯቅ ደውሎ «አባቴ፣ ለጀልባዋ ቀለም የሚሆን ብር ጎደለኝ» ሲለኝ ሳቅሁበት። እኔ የማውቀው የበርና የመስኮት ቀለም ነው። «ዓሣ ቀለም አይቶ አይመጣም፤ ደግሞስ ከበሩ የተረፈውን ቀብተናት የለ?» አልሁት። ዝም አለ። ዝምታው ስላላማረኝ በሳምንቱ ከሰቆጣ ተነሥቼ ወረድሁ።

እኛ የዋግ ሰዎች የሐይቅ ልጆች አይደለንም። አበርገሌ የሚታወቀው በፍየሉ ነው፤ እኔም ያደግሁት ፍየል ስጠብቅ ነው። የተከዜ ግድብ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ያልጠበቅነው ሐይቅ ደጃችን መጣ። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። ወጣቶቻችን መረብ መጣል ለመዱ፤ ቆሮሶና አምባዛ ገበያ ወጣ። እኔም ስድስት ፍየል ሸጬ ለልጄ የላሜራ ጀልባ አሠራሁለት። ጦርነቱ አፈናቅሎን ስንመለስ ጀልባዋ ዳር ላይ ዝጋ ቆየችን። በጥድፊያ የበር ቀለም ቀብተን ወደ ውኃ መለስናት።

ስደርስ ጀልባዋ ተገልብጣለች። ልጄ ምንም ሳይናገር መዶሻ አንሥቶ ሆዷን መታ መታ አደረገው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ደግሞ ሲመታው ላሜራው እንደ ድርቆሽ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ላይዋ ሰማያዊ ነበር፤ ሥሯ ግን ዝገት ብቻ። ልጄ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ የሚገባው በዚህች ጀልባ ነው። የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄም «እኔንም ውሰደኝ» እያለ ያለቅሳል።

በጣና ዳር ጀልባ ሲጠግን የኖረ አንድ በያጅ በስልክ መከረን። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ውኃው በስንጥቁ እየገባ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመቀባት ሳይሆን ከመፋቅ ነው።

ጀልባዋ ከውኃ እንደወጣች ሆዷ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ሳይደርቅ በብሩሽ ይታጠባል፤ ከደረቀ አይለቅም። የሳሳው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይተካና ይበየዳል። ከዚያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል። አቧራው ተጠርጎ፣ ቅባት እንዳይቀር በቲነር በራሰ ጨርቅ ይወለወላል። የተፋቀ ብረት ካደረ መዛግ ስለሚጀምር የመጀመሪያው አንቲረስት በዚያው ቀን ይቀባል። ቀለም የሚሳሳው ጠርዝና ብየዳ ላይ ስለሆነ እነርሱ አስቀድመው ለብቻቸው ይቀባሉ። ውኃ ውስጥ ለሚውለው ክፍል የቤት ቀለም አይበቃም፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ይሻላል። እርሱም ስስ ስስ ተደርጎ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በየመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ይጠበቃል። የኒሯቅ ቀትር ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ የጋለ ላሜራ ቀለሙን ያስነፋዋል። እኛ በማለዳ ጀምረን ሦስት ሰዓት ላይ እናቆም ነበር።

ልጄ ሌላም ቀለም ሰምቶ ነበር፤ አንቲፋውሊንግ የሚባለውን። በጨው ባሕር ውስጥ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት መርከብ ሆድ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ መርከቡን ያዘገዩታል፣ ነዳጅ ያስፈጁታል። ይህ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት፤ መዳቡ ቀስ በቀስ ውኃ ውስጥ እየሟሟ እነዚህን ፍጥረታት ያርቃል፣ ይገድላል። መርዝ ነው ማለት ነው። ቀድሞ ከዚህ የከፋ፣ ቲቢቲ የሚባል መርዝ ያለበት ቀለም ነበር። በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ የሚረባውን ኦይስተር ስላበላሸ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2008 ሥራ ላይ ውሎ ከመርከቦች ሁሉ አገደው።

ተከዜ ግን ጨው ባሕር አይደለም። የእኛን ጀልባ የሚይዛት ዝልግልግ ብቻ ነው፤ እርሱንም በየሳምንቱ ወደ ዳር ስቦ መፈግፈግና ማድረቅ ይበቃዋል። የጣና ሰዎችስ የደንገል ታንኳቸውን ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድ ከጉዞ በኋላ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁት የለ? መዳብ ያለበት ቀለም ባዶ ብረት ከነካ ደግሞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከሁሉ በላይ ያ ውኃ የምንበላው ዓሣ የሚኖርበት፣ ከብታችን የሚጠጣው ነው። ስለዚህ ተውነው።

አያቶች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ልጅ አጠገብ አይቁም። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። የሚፍቀው ሰው አፍና አፍንጫውን በጭንብል ይሸፍን፤ ብናኙን በውኃ እያረጠበ ይፋቅ፤ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ከውኃው ያርቅ። የሥራ ልብሱንም ሳያወልቅ ልጅ አይቀፍ፤ ልብሱ ለብቻው ይታጠብ።

ሥራው በግንቦት፣ ሐይቁ ጎድሎ ሳለ፣ ክረምቱ ሳይገባ አለቀ። ጀልባዋን ወደ ውኃ ገፍተን ግማሽ ቀን አቆየናትና ወለሏን በእጄ ዳበስሁት፤ ደረቅ ነው። ስድስት ፍየል የሸጥሁላትን ጀልባ በሁለት ጣሳ ቀለም ስሰስት ያኖርሁት ልጄን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ልጅ ብር ሲጠይቅ «ለምን?» ማለት የአባት ወግ ነው። መልሱን ሳይሰሙ መሳቅ ግን ወግ አይደለም።

የልጅ ልጄ «አሁንስ ልሂድ?» አለ። «ተንሳፋፊው ጃኬት ሲገዛ» አልሁት። የእርሱን ብር ሳልጠየቅ ሰጠሁ።