ከኮንሰርት የተመለሱ ሰዎች ወግ

ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ወሬ መጠየቁ የቆየ ልማዳችን ነው። ቁልቢን ተሳልሞ የተመለሰ፥ ወይም ለክርክር ጉዳይ አዲስ አበባ ሰንብቶ የመጣ ሰው ገና የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ጎረቤቱ ይሰበሰብና፥ ቡናው እየተፈላ ያየውን ሁሉ እንዲናገር ይደረግ ነበር። ዛሬ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ወጣቱ ከቦ ወሬ ከሚጠይቃቸው መንገደኞች አንዱ የሙዚቃ ኮንሰርት አይቶ የተመለሰው ነው። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ቤት፥ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት፥ በከተማው ካፌዎች ይኸው ጨዋታ ይነሣል፤ አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ያቋርጠዋል፥ ሦስተኛው ደግሞ «የእኔው ይበልጣል» ብሎ የራሱን ያመጣል።

እኛም ይህን ጨዋታ ጆሯችንን ሰጥተን ስንከታተል አንድ ነገር አስተዋልን። ከኮንሰርት የመጣ ሰው ወሬውን ከዘፈኑ አይጀምርም። አስቀድሞ መንገዱን፥ ቀጥሎ ሰልፉን፥ ከዚያም የሌሊቱን ብርድ ያወራል። ነገሩ ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ግን ቃል ያጥረዋል፤ እጁን ያወናጭፍና «እዚያ ብትሆኑ ኖሮ!» ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ አንወቅሰውም፤ ስለ ሙዚቃ መናገር ለተማረውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የመንገዱ ወሬ መቅደሙም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሆሳዕና በወራቤና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ታላላቆቹ ኮንሰርቶች የሚበዙት ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ደመወዙን ቆጥቦ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ ኮንሰርት ልይ ብሎ ሲነሣ የሚከፍለው የትኬቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ይደርሳል፤ ማታ ሰልፍ ይቆማል፤ ኮንሰርቱ እኩለ ሌሊት አልፎ ሲያበቃ ወደ አገሩ የሚመልሰው አውቶቡስ የለምና ከዘመድ ቤት ወይም ከርካሽ አልጋ ያድራል፤ እሑድ ይመለሳል፤ ሰኞ ጧት ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከጠረጴዛው ይቀመጣል። አለቃው ካስተዋለ «ምነው፥ አመመህ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው መንገዱን ቢያስቀድም መብቱ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በብዛት ሲወራ የሰማነው የማሕሙድ አሕመድ የስንብት ኮንሰርት ነው። ይህ ኮንሰርት በጥር ወር 2017 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ ቀርቧል። ማሕሙድ በ1933 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ ያደገ፥ ኋላም አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ በተላላኪነት እየሠራ ሳለ ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ጋር የመዝፈን ዕድል ያገኘ ሰው ነው። ያ ዕድል ያለ ማስታወቂያ የመጣ ነበር፤ ልጁ ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሉ ይዞ ይጠብቅ ስለነበረ ግን በሩ ሲከፈት ተዘጋጅቶ ተገኘ። «ኧረ መላ መላ» የተሰኘው ሥራው በ1967 ዓ. ም. በአገር ውስጥ ታትሞ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአውሮፓ እንደገና ሲወጣ የውጭው ዓለም አወቀው፤ በ1999 ዓ. ም. ደግሞ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ ይህ ሰው በ83 ዓመቱ መድረኩን ሲሰናበት ለማየት የሄዱት እኩዮቹ ብቻ አልነበሩም።

እኛን የገረመንም ይኸው ነው። የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፥ ዘፈኖቹ ሲወጡ አባቱ እንኳ ሕፃን የነበረ፥ የማሕሙድን ስንብት ባለማየቱ ሲቆጭ ሰምተናል። ከየት አወቀው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ከቤት ካሴት ነው። እናት እንጀራ ስትጋግር፥ አባት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን ሲከፍት የሰማው ድምፅ ነው። ይህ ወጣት ኮንሰርት የሚሄደው አዲስ ነገር ለመስማት አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በግድግዳ ማዶ ይሰማው የነበረው ድምፅ ሥጋና አጥንት ያለው ሰው መሆኑን በዓይኑ ለማረጋገጥ ነው። አንዳንዱማ የሄደው አባቱን ይዞ ነው፤ አባት ሲያለቅስ ያየው በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን የነገሩንም አሉ።

ሁለተኛው የማይጠገብ ወሬ የቴዎድሮስ ካሣሁን፥ የቴዲ አፍሮ፥ ኮንሰርቶች ናቸው። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በሚያዝያ 2009 ዓ. ም. ወጥቶ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ እስከ መሆን ቢደርስም፥ ለ2010 ዓ. ም. ዋዜማ ታስቦ የነበረው ኮንሰርት ሳይካሄድ ቀረ። ወዳጆቹም እስከ ጥር ድረስ ጠብቀው በጥምቀት ሰሞን በባሕር ዳር ስታዲየም ሰሙት። ከዚያም የካቲት 14 ቀን 2012 ዓ. ም. በመስቀል አደባባይ ታላቅ ኮንሰርት አቀረበ። በዚያ አደባባይ የነበሩ ሰዎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ ዘፋኙ ድምፅ ማጉያውን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር የተሰማው ድምፅ ከመድረኩ ድምፅ ይበልጥ ነበር ይላሉ። ሰው በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ይዘፍናል፤ ስሙን ሳይጠይቀው ይለያያል።

ከዚያች ሌሊት በኋላ በ20ኛው ቀን፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም.፥ የኮሮና ሕመም በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሰው ከሰው መጨባበጡን ተወ። ብዙ ወጣቶች የመስቀል አደባባዩን ኮንሰርት ዛሬም እንደ ተራ መዝናኛ የማያወሩት ስለዚህ ይመስለናል፤ ቀጥሎ በመጣው የብቸኝነት ወራት ደጋግመው ያስታወሱት የመጨረሻው መሰብሰብ እሱ ነበር።

በዕድሜ ገፋ ያሉት ደግሞ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉና፥ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ. ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት በዚያው መስቀል አደባባይ ሲከበር ያዩትን ያነሣሉ። ከእነሱ የሚበልጡት ደግሞ ከዚያ ይብሱ፥ የሰዓት እላፊውን ዘመን ይተርካሉ። በደርግ ጊዜ ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ስለነበረ፥ በሂልተን ዋልያስ፥ በግዮን ሮሃ ባንድ ሲጫወቱ ለማየት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ከዚያው አይወጣም ነበር። ሙዚቀኛውም አድማጩም በአንድ አዳራሽ ተዘግተው ያድራሉ። ባንዶቹ ያን ያህል ተስማምተው የመጫወታቸው አንዱ ምስጢር ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ማታ ጀምሮ ጧት ድረስ የሚጫወት ሰው ሳይወድ በግዱ ይለማመዳልና።

እንዲህ ስንል የዛሬው ኮንሰርት ወሬ ምስጋና ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ቅሬታውም ብዙ ነው። የመጀመሪያው የሰዓት ነገር ነው። ትኬቱ ላይ ምሽት 12 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ዋናው ዘፋኝ ከመድረክ የሚወጣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የሆነበት ጊዜ አለ። ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው የድምፅ መሣሪያው ነው፤ ባሱ ደረት እየመታ የግጥሙ ቃል የማይለይበት ኮንሰርት፥ የከፈለበትን ሰው ያበሳጨዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን በፕሌይባክ መዝፈን ነው። ባንድ ሳይኖር፥ ወይም ባንዱ ለዓይን ብቻ ቆሞ፥ ዘፋኙ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ይዘፍናል፤ ከዚህም አልፎ ድምፁ ራሱ የተቀዳ ሆኖ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አለ። የሆሳዕና ወጣቶች ይህን የሚለዩበትን ዘዴ ሲከራከሩበት ሰምተን ሥቀናል። አንደኛው ምልክት ዘፈኑ ልክ ካሴቱ ላይ ባለቀበት ሰኮንድ ማለቁ ነው። ሁለተኛው ዘፋኙ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር እየዘለለ ትንፋሹ አለመቆራረጡ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ድራመሩ ውሃ እየጠጣ ሳለ ድራሙ መሰማቱ ነው። «እንዲያ ከሆነ እቤቴ ሆኜ በስልኬ ብሰማው ምን ጎደለብኝ?» የሚለው ክርክር ትክክል ነው፤ እኛም ከዚህ ወገን ነን። ኮንሰርት ሊባል የሚገባው ሊሳሳት የሚችል ሰው ሳይሳሳት ሲዘፍን፥ ወይም ተሳስቶ ሲያርመው ነው። ባንዱን የሚመራው ሰው ዓይኑን ከዘፋኙ ላይ ሳይነቅል፥ ሕዝቡ አንዱን አዝማች ሲወደው እንደገና ሲያስመልሰው፥ ያ ደቂቃ በካሴቱ ላይ የለም፤ ነገም አይደገምም።

ይህን ሁሉ ሲያወሩ ግን የሆሳዕና ልጆች በአንድ ነገር ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «እኛ አገር ምን አለና» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ብዙ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲያዜም መስማት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነውን? ዋቸሞ ይባል የነበረው ከተማ የዛሬ ስሙን ያገኘው ሕዝብ ዘንባባ ይዞ እየዘመረ ከወጣበት በዓል ነው። የወንጌል ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሆሳዕና መጥተው፥ በጠላት ወረራ ጊዜ ተገደው ሲወጡ የአገሩ ሰዎች ጉባኤውን በራሳቸው አቆይተውታል። በደርግ ዘመንም በሀዲያና በከምባታ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙሩ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኖሯል። ዛሬ በየጉባኤው የሚቆመው መዘምራን፥ ኪቦርድና ጊታር የሚጫወተው ወጣት፥ ድምፅን በአራት ከፍሎ ማዜም የሚችለው ልጅ የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

አንዳንድ አንባቢ አምልኮን ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው ብሎ እንደሚቆጣን እናውቃለን። እኛም አንድ ናቸው አላልንም። ያልነው ጆሮው አንድ ነው ነው። በመስከረም በሆሳዕና ሀዲይ ነፈራ የያሆዴ በዓል ሲከበር፥ አንዱ ሲያወጣ ሺሁ ሲቀበል፥ በከምባታም የመሳላ በዓል ሲደርስ፥ ሙዚቃን ከብዙ ሰው ጋር የመካፈል ትምህርት የሚሰጠው እዚያ ነው። መስቀል አደባባይ ቆሞ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚዘፍን የሆሳዕና ወጣት ይህን ችሎታ ከቤቱ ይዞ የሄደ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ 230 ኪሎ ሜትር ይሂድ? ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሀዲያ ሆሳዕና ቡድን ሲጫወት የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ተመልካች የለም ሊል አይችልም። የጎደለው ሌላ ነው፤ እሱንም በየቢሮው ያሉ ወጣት ሹማምንት ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ኮንሰርት ከመዘፈኑ በፊት ብዙ ወረቀት ነው። የቦታ ፈቃድ፥ የጸጥታ ደብዳቤ፥ የግብር ጉዳይ፥ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የሚመጣ የድምፅ መሣሪያ፥ መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፥ የመውጫ በሮች ስፋት። ከእነዚህ አንዱ ደብዳቤ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሳምንት ቢተኛ ባንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ አዘጋጁም የከፈለው ቀብድ ይቀርበታል። አዘጋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከከሰረ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይመጣም። እሑድ ይህን ጋዜጣ እያነበበ ባለማየቱ የሚቆጨው ወጣት ሹም፥ ሰኞ ከጠረጴዛው ላይ የዚህ ዓይነት ማመልከቻ ያገኝ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ወጉ ቀጥሏል። ሰሞኑን ከሰማናቸው ሁሉ የሳቀብን አንደኛው ነው። አንድ ወጣት አስተማሪ ከሚሌኒየም አዳራሽ በስልኩ የቀዳውን ይዞ መጥቶ ለባልደረቦቹ ከፈተላቸው። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ከስልኩ የወጣው የማሕሙድ ድምፅ አልነበረም፤ የራሱ የአስተማሪው ድምፅ ነበር፤ ከዜማው ወጥቶ፥ ግጥሙን ግማሹን ረስቶ፥ በሙሉ ኃይሉ እየዘፈነ። ማሕሙድ ከበስተጀርባ በስሱ ይሰማል። ባልደረቦቹ እስኪያነቡ ሣቁበት፤ አጥፋው፥ ቦታ ይይዝብሃል አሉት። እሱ ግን ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው።