ውሃን በጨዋታ ማዳን

ውሃ የጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን ያወቀ ሁሉ አይቆጥብም። ምክር ሲሰለች ጨዋታ ልብን ያነሣሣል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) በኒውዮርክ ምግብ ቤቶች በነፃ ስለሚቀርበው የቧንቧ ውሃ ተመጋቢዎች 1 ዶላር እንዲለግሱ ጠየቀ። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) ይኸው ዘመቻ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ እጅ ስልክ ገባ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ስልኩን 10 ደቂቃ ሳይነካ ቢታገሥ፣ ለጋሾች ለአንድ ሕፃን የአንድ ቀን ንጹሕ ውሃ ወጪ ይከፍሉ ነበር። ተጫዋቹ ሳንቲም ሳያወጣ ትዕግሥቱ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ገንዘብ ያስገኛል እንጂ ቧንቧ አይዘጋም። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ፣ ይኸውም ከ4 ሊትር የማያንስ ውሃ ያባክናል። ስለዚህ፣ መምህራን ሆይ፣ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀምጡ፤ ተማሪዎች የቀኑን ይለኩ፤ ክፍሎችም በማዳን ይፎካከሩ። ውጤቱንም በስልክ ለወላጆች ብትልኩ፣ የሚዋጣው ገንዘብ ለቧንቧው ማደሻ ይውላል። የዳነው ውሃ የልጆች እጅ መታጠቢያ ይሆናልና፣ ይህን አደራ እንላለን።